ስም ላጡ ነገሮች ስም ማውጣት፦ የሐዋሳ ደብተር

ጥቅምት 3፣ 2017፣ እሑድ ማታ

ነገሩ የተጀመረው ዛሬ አሞራ ገደል ነው። ከሁለት የድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ዓሣ ልንበላ ሄድን። የተጠበሰ ቆሮሶ፣ የዓሣ ሾርባ፣ ዳጣ በጎን። ጨዋታው ደራ፣ ሆዳችንም ሞላ። ከዚያ ሂሳብ መጣ።

አንዱ የአስተናጋጇን እጅ ያዘ። ሌላው ብሩን አጣጥፎ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ሊከት ታገለ። እኔ ደግሞ «በሞቴ! ዛሬ የኔ ነው፣ ባለፈው አንተ ነህ የከፈልከው» እያልኩ ወንበሬን ገፍቼ ስነሳ የሾርባውን ሳህን በክርኔ መታሁት፣ የተረፈው ሾርባ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ አስተናጋጇም ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «ሦስታችሁም ክፈሉ፣ እኔ እቀበላለሁ» አለች።

ማታ ቤት ገብቼ ለእህቴ ላወራላት ስል ቃል አጣሁ። «ተጣላን» አልል ነገር፣ አልተጣላንም። «ተከራከርን» ቀዘቀዘብኝ። «ተገባበዝን» ቀረብ ይላል፣ ግን መገባበዝ ውስጥ እጅ መጠምዘዝ የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርገው የኖርኩት ነገር ስም የለውም። እህቴ እግሯን እየታጠበች «ታዲያ ለምን አታወጣለትም?» አለችኝ።

ላወጣለት ነው። ለእሱ ብቻም አይደለም። በየቀኑ ለሚገጥመን፣ ሁላችንም ለምናውቀው፣ ግን ስም ላጣ ነገር ሁሉ። እኔና እህቴ መናኸሪያ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችን። ወረቀት አለ፣ ፕሪንተር አለ፣ ላሚኔት ማድረጊያ አለ። ከፊት ቃሉን፣ ከጀርባ ፍቺውን አትሜ በቆርቆሮ ሣጥን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣለሁ። ሐሳቤ 40 ካርድ ነው። እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል።

ጥቅምት 4

ደብተር ገዛሁ። ሦስት ዓምድ አሰመርኩ። የመጀመሪያው «ጠየቁኝ» ይላል፤ ቃሉን ያለ ማብራሪያ ወሬ መሀል ጣል ሳደርገው ሰውየው «ምን ማለት ነው?» ካለኝ እዚያ ምልክት አደርጋለሁ። ሁለተኛው «ደገሙት» ነው፤ በሳምንት ውስጥ ያው ሰው ቃሉን መልሶ ከነገረኝ። ሦስተኛው «ከሌላ ሰማሁት» ነው። እኔ ካልነገርኩት ሰው አፍ ከሰማሁት ማለት ነው። ለኔ ዋናው ሦስተኛው ዓምድ ነው። ሌሎቹ ሁለት ዓምዶች ጓደኞቼ ስለሚወዱኝ ብቻም ሊሞሉ ይችላሉ።

ቃል ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። «ወዛደር»ን እዩት። «ወዝ» እና «አደር» ተገጣጥመው፣ በወዙ የሚያድር ማለት ነው፣ በአብዮቱ ዘመን አገር አዳረሰ። «መኪና» ከጣሊያንኛ ገብቶ ቤተኛ ሆነ። «ባጃጅ» የሕንድ ኩባንያ ስም ነበር፤ ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ማንም ኩባንያ ነው ብሎ አያስብም፣ ባለ ሦስት እግሩ ሁሉ ባጃጅ ነው። በሌላ በኩል «ተንቀሳቃሽ ስልክ» አለ። አማርኛው ንጹሕ ነው፣ ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ ደብዳቤ ላይም ይጻፋል። ግን «ተንቀሳቃሽ ስልኬን ረሳሁት» ብሎ ከታክሲ የወረደ ሰው አይቼ አላውቅም። ሞባይል አሸነፈው። ስለዚህ ቃል ጥሩ ሆኖ መሠራቱ ብቻውን አይበቃም፤ አፍ ሊቀበለው ይገባል።

ጥቅምት 6

የመጀመሪያው ቃል ወደቀ።

ለሂሳቡ ትግል «ክፍፍሎሽ» ብዬ ነበር። ከ«ድብብቆሽ» የተቀዳ። «ደበቀ» የሚለውን ግስ ወስደህ በዚያ ቅርጽ ስታፈሰው ጨዋታ ይሆናል፤ እኔም «ከፈለ»ን በዚያው ቅርጽ አፈሰስኩት። የአማርኛ ቃል ማውጫ እንዲህ ነው፣ ሦስት ፊደል ሥር ይዘህ ቅርጽ መፈለግ ነው። በጣም ወድጄው ነበር።

ጠዋት መታወቂያ ኮፒ ሊያደርጉ ለመጡ አንድ ጋሼ «እሑድ ዕለት ከጓደኞቼ ጋር ክፍፍሎሽ ገጥመን ሾርባ ደፋሁ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ምን ተከፋፈላችሁ? የአባት ንብረት ነው?»

እውነታቸውን ነው። «ክፍፍል» ቀድሞ ቦታውን ይዟል። ሰርዤዋለሁ።

ማታ እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ብድግ ብላ «ልክፈሌ!» አለች። ሰዎቹ ራሳቸው የሚሉት ቃል ነው፤ «ልክፈል፣ ልክፈል»። «ሁለቱ ልክፈሌ ገጠሙ።» «በልክፈሌ አሸነፈኝ።» «ልክፈሌ ሳይጀመር ሹልክ ብዬ ከፈልኩ።» ሦስቱንም እያልን ሞከርናቸው፣ አንዱም አፍ ላይ አልተሰናከለም። ካርድ ቁጥር 1።

ጥቅምት 9

ባጃጅ ውስጥ የሚያውቁትን ሰው አይቶ እንዳላዩ መሆን። ሁላችንም እናደርገዋለን። ክፉ ሆነን አይደለም። ኪስ ውስጥ ያለው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚበቃ ነው፤ ሰላም ካልከው ደግሞ የእሱንም መክፈል አለብህ፣ ካልከፈልክ ይሉኝታው ይገድልሃል።

«መስኮተኛ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ መስኮት የሚያይ። ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ ስሄድ ለባጃጁ ልጅ ነገርኩት። ሳቀና በእጁ ጎኑን አሳየኝ። «ወንድሜ፣ የቱ መስኮት? ሸራ ነው ያለው።» ከዚያ ዝም ብሎ ጥቂት ነዳ። ፒያሳ ልንደርስ ስንል «እኛ ‹ሐይቅ እያየ ነው› ብንለውስ?» አለ። «ከዚህ መንገድ እኮ ሐይቅ አይታይም» አልኩት። «ለዛ ነዋ!» አለኝ።

ይህን ቃል የሰጠኝ እሱ ነው፣ ደብተሩ ላይም እንደዚያ ጽፌያለሁ። «ሐይቅ አየብኝ።» ያቺ «ብኝ» ሥራዋን ታያላችሁ? ሐይቅ ማየት ጥፋት አይደለም፤ «አየብኝ» ሲሆን ግን ቅሬታው ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ስድብም የለበትም። መናኸሪያ ቆሞ ሐይቅ ያየ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ለሐዋሳ ልጅ ማብራራት አያስፈልግም። ካርድ ቁጥር 2።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዛሬ ጎረቤታችን እማማ ቤት ቡና ነበር። የቋጠርኩትን ቃል ይዤ ሄድኩ፦ «የትራስ መልስ»። ሰው ተናግሮህ፣ አንተ አፍህ ተያይዞ ቀርተህ፣ ማታ ትራስህ ላይ ጋደም ስትል የሚመጣልህ ምርጥ መልስ። ፈረንሳዮች ለዚህ «የደረጃ ብልኀት» የሚሉት ነገር አላቸው፤ መልሱ የሚመጣው ከሰው ቤት ወጥተህ ደረጃውን ስትወርድ ነው። እኛ አብዛኞቻችን ደረጃ የለንም፣ ትራስ ግን አለን። ኮርቼበት ነበር።

እማማ ሁለተኛውን እየቀዱ ሰሙኝ። ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለስ አደረጉት። «ልጄ፣ እሱማ አለኮ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

ቤቱ በሙሉ ዝም አለ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቀ። ምን ልበል? ያ ተረት የኔን ካርድ ከነጀርባው ዋጠው። አጭር ነው፣ ሥዕል አለው፣ ጅብም ውሻም አለው። የኔ ትራስ ብቻ ነው ያለው።

ቤት ስመለስ ደብተሩ መጀመሪያ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ ከማውጣትህ በፊት እማማን ጠይቅ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ቃል ካርድ ከመሆኑ በፊት እሑድ ቡና ላይ ይቀርባል።

ጥቅምት 13

መብራት የለም። ምንም አልሠራሁም።

ጥቅምት 18

ጓደኛዬን በአሥር ሰዓት ቀጥሬው ነበር። በአሥር ከሩብ ደወልኩ። «ደርሻለሁ፣ አቶቴን አለፍኩ» ይለኛል። ከጀርባው ውኃ ሲወርድ ይሰማኛል። ባጃጅ ውስጥ ሻወር የለም። «አንተ» አልኩት፣ «ፎጣ ላይ ነህ እንዴ?» ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ የሳቀበትን ቀን አላስታውስም።

«ፎጣ ላይ ነው።» እየመጣሁ ነው ይላል፣ ገና ፎጣ አገልድሞ ነው። እማማም እሑድ ሲሰሙት አጸደቁት። «የኔ ልጅ ሁሌ ፎጣ ላይ ነው» አሉ። ካርድ ቁጥር 5።

ጥቅምት 21

ስም መርሳት። ሰውየው ስምህን ጠርቶ አቅፎ ይስምሃል፣ የልጆችህን ጤንነት ይጠይቃል፣ አንተ ደግሞ ስሙን ፍለጋ ጭንቅላትህን ታገላብጣለህ፣ በመሀል «ወንድሜ»፣ «የኔ ጌታ»፣ «አለህ አይደል?» እያልክ ጊዜ ትገዛለህ። በጣም የሚያስጨንቀው ደግሞ ሌላ ሰው አብሮህ ካለና ማስተዋወቅ ካለብህ ነው።

ለዚህ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። «ስመ ቢስ» መጥፎ ነው፣ ሰውየውን ያዋርደዋል። «ስም አጥ» ደረቀ። ትናንት ማታ የታቦርን ተራራ ከሩቅ እያየሁ ስለምንኖርበት ቦታ አሰብኩ፣ እኛ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። «ስምጥ»። «ስም» ውስጡ ቁጭ ብሏል! ቃሉ «ሰመጠ» ከሚለው ነው የመጣው፤ የሰውየው ስምም ያደረገው ያንኑ ነው።

«ስሙ ስምጥ ገባብኝ።»

እህቴ መጀመሪያ አልገባትም፣ «ጠየቁኝ» ላይ ምልክት አለ። ግን በሁለተኛው ቀን ደንበኛ ከሸኘች በኋላ ወደኔ ዞራ «የዚህች ልጅ ስም ስምጥ ገባብኝ፣ ማን ነበረች?» አለችኝ። «ደገሙት» ላይም ምልክት አለ።

አንድ ነገር እያስተዋልኩ ነው። ቃሉ ብቻውን አይሄድም፣ የሚሸከመው ግስ ይፈልጋል። «ላሽ አለ»፣ «ሙድ ያዘ»፣ «ነቄ አለ»፤ ከተማው የሚያወራው በእነ አለ፣ ያዘ፣ ገባ፣ በላ ላይ ተጭኖ ነው። የኔም ያልወደቁት እንደዚያ ናቸው። ልክፈሌ ይገጠማል። ስምጥ ይገባል። ሐይቅ ይታያል። ስም ሆነው ብቻቸውን የቆሙት ስድስት ቃላት ሁሉም ደብተሩ ላይ ተሰርዘዋል፣ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ዛሬ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ሙሉ ቀን ሕትመት ላይ ዋልኩ። በአንድ ደረቅ ወረቀት ላይ ስምንት ካርድ አስገባሁ፣ አራት በሁለት። የመጀመሪያው ዙር ከፊትና ከጀርባ አልገጠመም፤ ወረቀቱን በተሳሳተ ጎን ገልብጬ አስገብቼው የልክፈሌ ጀርባ ላይ የሐይቅ ፍቺ ታተመ። ሁለተኛው ዙር ተሳካ። በብረት ማስመሪያ እያስደገፍኩ በከተር ቆረጥኩ፣ ጠርዛቸውን በጥፍር መቁረጫ አከበብኩ፣ ከዚያ ላሚኔት። ሲወጡ ይሞቃሉ። አንድ በአንድ መጽሐፍ ሥር አስገብቼ አቀዘቀዝኳቸው፣ አለዚያ ይጣመማሉ።

ከአዲሶቹ አንዱ ከሁሉም የምወደው ነው። እንግዳ ሊሄድ ተነሳ፣ ተሳሳምን፣ «ደህና ዋሉ» ተባባልን፤ ከዚያ በር ላይ ቆመን ሌላ ግማሽ ሰዓት እናወራለን። ዋናው ወሬ የሚወጣው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት ስኒ ቡና ሲጠጣ ያልተነሳው ነገር፣ የልጁ ትምህርት ማቆም፣ የእናትየው ሕመም፣ የብድሩ ነገር፣ እጅ የበሩ እጀታ ላይ እያለ ይነሳል። ሰው ልቡን የሚከፍተው ሊሄድ ሲል ነው።

ቡናው ሦስት ዙር አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ለአራተኛው እኔ «ደጅና» አልኩት። ቡና የሌለበት ዙር ነው፣ ደጅ ላይ የሚጠጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ደጅና። ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ከቶና ጋር ይገጥማል። «ሰዎቹ ደጅና እየጠጡ ነው» ማለት ቻው ብለው አልሄዱም ማለት ነው።

ኅዳር 2

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አለብኝ፣ ሳልረሳው።

ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥናቷን ልታስጠርዝ መጣችና እስኪያልቅላት ካርዶቹን አነሳች። የደጅናን ካርድ አንብባ «ይሄ ፊደል ተሳስቷል፣ ደህና ለማለት ነው አይደል?» አለችኝ። ካርዱን ገልብጣ ፍቺውን አነበበች። ከዚያ ቀና አለች፣ ዓይኗ በራ። «እና ‹ደህና ዋሉ› ሳይሆን ‹ደጅና ዋሉ› ማለት ነዋ!»

ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ደጅና ዋሉ! አንድ ፊደል ነው የተቀየረው። ሰላምታው ራሱ ቃል ሆኖ ቁጭ ብሎ ነበር፣ እኔ አላየሁትም፤ ደጅ ላይ ያዋሉትን ሰዎች መሸኛ። ማታ እማማን ስሸኝ በራችን ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆምን በኋላ «እማማ፣ ደጅና ዋሉ» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ አድርገው «ደጅና እደር» ብለው መለሱልኝ። ማንም አላስተማራቸውም።

የድሮውን ካርድ ጣልኩና በአዲሱ ቀየርኩት። ተማሪዋን ካርዱን በነጻ ሰጠኋት።

ኅዳር 9

ከባድ ቀን ነበር።

አሞራ ገደል የሄደ ሁሉ አባ ኮዳን ያውቀዋል። ያ ረጅሙ ወፍ፣ ራሰ በራው፣ ዓሣ የሚያጸዱት ልጆች አጠገብ ሽማግሌ መስሎ ቆሞ የሚጣልለትን የሚጠብቀው። «አባ ኮዳ ቆመ» የሚል ካርድ ሠርቼ ነበር፤ የሚበሉ ሰዎች አጠገብ ቆሞ «ና ብላ» እስኪባል መጠበቅ። ሥዕሉ ቁልጭ ያለ ነው፣ ቦታው የኛ ነው፣ ሁሉም በሰማው ቁጥር ይስቅ ነበር። «ደገሙት» ዓምድ ላይ ከሁሉም የበለጠ ምልክት የነበረው እሱ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ እኔና ጎረቤት ሱቅ ያሉት ልጆች አንድ ላይ ነው የምንበላው። አንዱ ልጅ ሥራ ካቆመ ሁለት ወሩ ነው። ባለፈው ሐሙስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ከመሀላችን አንዱ «ዛሬም አባ ኮዳ ቆምክ?» አለው። እሱም ከኛ ጋር ሳቀ። ገብቶ ሁለት ጉርሻ ያህል በላና «ጠግቤያለሁ» ብሎ ወጣ። ዓርብ አልመጣም። ቅዳሜም አልመጣም። ዛሬ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ ነበር። «ምንም አልሆንኩም ባክህ» አለኝ። ካርዱን ከኪሴ አውጥቼ ፊት ለፊቱ ቀደድኩት። ላሚኔት የተደረገ ወረቀት በቀላሉ አይቀደድም፣ በጥርሴ ነው የጀመርኩት። እሱ ካርዱን አላየም፣ እኔን ነው ያየኝ። ከዚያ አብረን ወጥተን ሻይ ጠጣን። ልክፈሌ ገጠመኝ፣ ተሸነፍኩለት።

ኅዳር 12

ሣጥኑን ባንኮኒው ላይ ዘርግፌ እያንዳንዱን ካርድ እንደገና ፈተንኩ። መፈተኛዬ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ቃል ሰው ስለ ራሱ፣ በ«እኔ» ሊለው ይችላል? «ስሙ ስምጥ ገባብኝ» ይቻላል። «ሐይቅ አየሁብህ፣ ይቅርታ፣ ኪሴ ባዶ ነበር» ይቻላል፣ እንዲያውም ያምራል። ልክፈሌ፣ ደጅና፣ «የሰው ሰላም በላሁ»፤ ሁሉም ይቻላል። የመጨረሻዋ ትናንት የተጨመረች ናት፤ ከኋላህ ላለ ሰው የተውለበለበ እጅ ላንተ መስሎህ አጸፋውን ስትመልስ።

አሥራ አንድ ካርድ ወጣ። የሚያሳዝነኝ ፎጣው ነው። ማን ነው «ፎጣ ላይ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያጋልጥ? ውሸቱን ሌላ ሰው ሲይዝበት ነው ቃሉ የሚሠራው፣ ያ ደግሞ መወንጀል ነው። ከሣጥኑ አወጣሁት። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ኅዳር 20

ወሬ መሀል ስልኩ ውስጥ የሚጠፋ ሰው። በፈረንጆቹ 2012 አውስትራሊያ ውስጥ ለአንድ መዝገበ ቃላት ማስታወቂያ ሲባል ለዚሁ ነገር ቃል ተሠርቶለት ነበር፤ «ፋቢንግ» አሉት፣ ስልክ እና መናቅ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አጣብቀው። ቃሉም ተስፋፋ። እኛስ? «ጭቃ ገባ» አልኩ፣ እንደ አምባዛ፣ አምባዛ ታች ጭቃው አጠገብ መዋል ይወዳል። የባጃጁ ልጅ ፊቱን አጨማደደ፣ እህቴም እንዲሁ። ጭቃ ሰው ላይ ሲወራ ደስ አይልም። ቀረ።

ኅዳር 27

የእንግሊዝኛው ዓይነት ማጣበቅ አማርኛ ላይ አይሄድም ብዬ አስብ ነበር። ሁለት ቃል ቆርጦ መቀጠል የነሱ ስፌት ነው፣ የኛ ሥርና ቅርጽ ነው። ግን ጎረቤት ያሉት ልጆች አሳፈሩኝ። «እምቢ» የሚባለው ግን «እሺ» የሆነው፣ ሰው ቤት ገብተህ ብላ ስትባል ሁለት ጊዜ «በልቻለሁ» ካልክ በኋላ የምትለው ሦስተኛው። እማማ «በሞቴ» ሲሉ የሚለሰልሰው። ልጆቹ «እሺምቢ» አሉት። ስሙን እየጮሁ ግቢውን ዞሩት። ትልቅ ሰው አይለውም፣ ልጆች ግን ከእሑድ ጀምሮ ሌላ ቃል የላቸውም። አተምኩት። እሺምቢን ሊከለክል የሚችለው ጾም ብቻ ነው፣ አሁን የገና ጾም ስለሆነ እማማም አያስገድዱም፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን ግቢያችን ውስጥ ዘንድሮም እንደቀጠለ ነው።

ታኅሣሥ 8

ቆጠርኩ። 13 ካርድ። 40 አይሆንም፣ ገብርኤል ሊገባ 11 ቀን ነው የቀረው። «ከሌላ ሰማሁት» ዓምድ ላይ እስካሁን ሁለት ምልክት ብቻ አለ፣ ሁለቱም «ሐይቅ አየብኝ» ናቸው፣ ሁለቱም ባጃጅ ውስጥ። የባጃጁ ልጅ ቃሉን እያዞረው እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ፣ ገብርኤል

ከተማው ሞልቷል። ከየአገሩ የመጣ ሰው፣ ነጠላ ለብሶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ሐይቁ መንገድ ድረስ። እኔም ከቅዳሴ በኋላ እህቴን እየጠበቅኩ አጥሩ ጥግ ቆሜያለሁ። አንዴ የሰው ሰላም በልቻለሁ፤ ከኋላዬ ላሉ ሴትዮ የተዘረጋ እጅ ነበር።

አጠገቤ አራት ልጆች፣ ሃያ ዓመት ገደማ፣ የቀረች ጓደኛቸውን እየጠበቁ ነው። አንዷ ደወለች፣ ጫጫታው ስላላሰማት ስፒከር ላይ አደረገችው። «የት ደረስሽ?» ከስልኩ ውስጥ እንዲህ የሚል ድምፅ መጣ፦

«ልዋሽሽ? ፎጣ ላይ ነኝ። ሃያ ደቂቃ ስጡኝ።»

ሦስቱ ሳቁ። የደወለችው ልጅ አልተቆጣችም። «እሺ ቶሎ በይ፣ እኛም ብዙ አልቆየንም» አለችና ዘጋች። አራቱም ጥላው ሥር ገብተው ቁጭ አሉ።

እኔ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ጠጋ ብዬ «ይቅርታ፣ ‹ፎጣ ላይ ነኝ› ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። እንደማያውቅ ሰው አየችኝ። «ገና ከቤት አልወጣሁም ማለት ነዋ። ግቢ ውስጥ ሁሉም ይለዋል፣ ዶርማችን ሙሉ።» ከየት እንደመጣ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። የጥናት ጥራዝ ሊያሠሩ የሚመጡት ተማሪዎች ትዝ አሉኝ፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ካርዱ ሣጥን ውስጥ ሳይገባ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ቃሉ የኔ ነው ልላት አፌ ድረስ መጣ። ተውኩት።

እህቴ መጣች። ይህን ስነግራት መንገዱ መሀል ቆማ «በ‹እኔ› አሉት?» ብላ ጮኸች። አሉት። እኔ ለመወንጀያ የሠራሁትን እነሱ ለመታመን ተጠቀሙበት፤ አንድም የዋሸ የለም፣ የተጣላም የለም፣ ጓደኛቸውም ፀጉሯን በሰላም አድርቃ ትመጣለች።

ታኅሣሥ 21

ጠዋት ሱቅ እንደከፈትን መሳቢያውን ከፍቼ የድሮውን ካርድ አወጣሁ። ከፊቱ «ፎጣ ላይ ነው» ይላል። ከጀርባው «እየመጣሁ ነው እያለ የሚዋሽ»።

አዲሱን ተየብኩ። ከፊት፦ «ፎጣ ላይ ነኝ።» ከጀርባ፦ «ገና ከቤት አልወጣሁም። ልዋሽህ አልፈለግኩም። ጠብቀኝ።» ቆረጥኩት፣ ላሚኔት አደረግኩት፣ መጽሐፍ ሥር አስገባሁት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ አንድ ምልክት አደረግኩ፣ ከጎኑ «ገብርኤል፣ አጥሩ ጥግ» ብዬ ጻፍኩ። 14 ካርድ።

ጓደኛዬ በአሥር ሰዓት ይመጣል ተብሎ ነበር። አሁን አሥር ከሃያ ነው። ልደውልለት ነው።